ልጠብቅ ወይስ ቀብዴን ልቀበል? ስለ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ከደሴ ለመጣ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ረዘም ያለ ስለሆነ በእኔ ቃል ላሳጥረው። ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው የኤሌክትሪክ መኪና እንዲገዙ አደረጉ። እሳቸውም ቻይና ውስጥ ገና ለገበያ የቀረበ አዲስ ሞዴል መረጡ። አዲስ አበባ ላለ አስመጪ የዋጋውን ሲሶ ቀብድ ከፈሉ። "በሦስት ወር እጅዎ ይገባል" ተባሉ። ይኸው ዘጠኝ ወር ሆነ። አሁን ደግሞ "የውጭ ገበያ ስሪቱ ሊወጣ ስለሆነ ትንሽ ይታገሱ፣ እሱ ይሻልዎታል" እየተባሉ ነው። መኪናውን የሚፈልጉት ደሴና ኮምቦልቻ ለመመላለስ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ ለሕክምና አዲስ አበባ ለመሄድ ነው። ጥያቄያቸው ይህ ነው፦ ልጠብቅ? ወይስ ቀብዴን ተቀብዬ አሁን ገበያ ላይ ያለውን ልግዛ?

መምህር፣ መጀመሪያ አብሽሩ። ገንዘቡ የልጆችዎ ላብ ነውና እንቅልፍ ቢነሳዎት አይፈረድብዎትም። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ኮምቦልቻ ውስጥ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ድሮ የአይሱዙ ዲናሞና ሞተሪኖ ነበር የምፈታው። ዛሬ ጋራዤ ከሚገቡት መኪኖች ውስጥ ጭስ ማውጫ የሌላቸው እየበዙ ነው። ከአስመጪም ከደላላም ጋር የጥቅም ግንኙነት የለኝም። የማውቀውን ሳልሸፋፍን እነግርዎታለሁ።

አጭሩ መልሴ ይኸው። መኪናው ተሠርቶ ከሆነ ይጠብቁ። ገና ካልተሠራ አይጠብቁ። ልዩነቱን የሚያሳይዎት አንድ ነገር ነው፤ የሻንሲ ቁጥር፣ ማለትም መኪናው አካል ላይ የሚጻፈው መለያ ቁጥር።

አስመጪው ጋ ይደውሉና "የመኪናዬን የሻንሲ ቁጥር በጽሑፍ ላኩልኝ" ይበሉ። ሌላ ክርክር ውስጥ አይግቡ። መኪናው ከፋብሪካ ወጥቶ ከሆነ ቁጥር አለው። ፊደልና አኃዝ ተቀላቅሎ 17 ነው። ቻይና የተሠራ መኪና ቁጥሩ በላቲኑ "ኤል" ፊደል ይጀምራል። ከግራ ቆጥረው 10ኛው ላይ ሲደርሱ የሞዴሉን ዓመት ያገኛሉ። "አር" ከሆነ 2024 ነው፣ "ኤስ" ከሆነ 2025፣ "ቲ" ከሆነ 2026፤ ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። መርከብ ላይ ተጭኖ ከሆነ ደግሞ ቢል ኦፍ ሎዲንግ የሚባል የጭነት ሰነድ ይኖረዋል። እሱንም ኮፒ ይጠይቁ። የሻንሲ ቁጥሩ እዚያ ላይ ካለና ከላኩልዎ ጋር ከገጠመ፣ መኪናዎ መንገድ ላይ ነው። ከቻይና ጅቡቲ የባሕሩ ጉዞ ወር ገደማ ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ወደብ አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ ሰሌዳ ማውጣት አለ። አሰልቺ ነው፣ ግን ልኩ የሚታወቅ ጥበቃ ነው። ይህን ይጠብቁ።

"ቁጥሩ ገና ነው፣ ፋብሪካው ወረፋ ላይ አስቀምጦናል" ካሉዎት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወረፋው የት እንደሆነ፣ ስንተኛ እንደሆኑ፣ ማን እንዳስያዘዎት የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ቀብድዎን ይቀበሉ። ሌላ ሦስት ወር አይስጧቸው።

አሁን መዘግየቱ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳዎት። ይህን ካወቁ የሚነገርዎትን ምክንያት መመዘን ይችላሉ፤ አንዳንዱ እውነት ነውና።

አዲስ መኪና በተሠራበት አገር ወጥቶ ባሕር ማዶ እስኪደርስ መቆየቱ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። የቴስላ ሞዴል 3 ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2016 ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች የተረከቡት በጁላይ 2017 ነው። አውሮፓና ቻይና የደረሰው በ2019 መጀመሪያ ነው። እንግሊዝ መሪው በቀኝ በኩል እንዲሆን ስለምትፈልግ እስከ 2019 አጋማሽ ጠበቀች። ሦስት ዓመት ማለት ነው። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። አሜሪካዊው ለወረፋ ያስያዘው 1,000 ዶላር ነበር። ሐሳቡን ከቀየረ ይመለስለት ነበር። እርስዎ ያስያዙት የዋጋውን ሲሶ ነው።

ለምን ይቆያል? ፋብሪካ መጀመሪያ የቤቱን ገበያ ያጠግባል። ሻዎሚ የመጀመሪያ መኪናውን እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ቻይና ውስጥ መሸጥ ጀመረ። ወደ ውጭ ገበያ የመውጣት ዕቅዱን ግን ለ2027 ነው ያለው። ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ገበያ የራሱ የደኅንነት ፈተና አለው። መብራቱ፣ የቻርጅ መሰኪያው፣ የስክሪኑ ቋንቋ መቀየር አለባቸው። መለዋወጫ ቀድሞ መጋዘን መግባት አለበት። ብዙ የሚገዛ አገር ይቀድማል፣ ትንሽ የሚገዛ ይከተላል። እኛ መሪያችን በግራ በኩል ስለሆነ ከቻይና ጋር እንመሳሰላለን። በዚህ በኩል ከኬንያ ይልቅ ዕድለኞች ነን። ለእኛ ተብሎ መሪ የሚያዞር የለም፣ ማዞርም አያስፈልግም።

"የውጭ ገበያ ስሪት" የሚሉትን ነገር በአንድ መኪና ላሳይዎት። ቢዋይዲ የተባለው የቻይና ፋብሪካ የሚሠራት ትንሿ መኪና፣ ሲገል፣ ቻይና ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ነው። ብራዚል በፌብሩዋሪ 2024 ዶልፊን ሚኒ ተብሎ ገባ። አውሮፓ በሜይ 2025 ዶልፊን ሰርፍ ተብሎ ገባ። ሁለት ዓመት የጠበቀው አውሮፓዊ ያገኘው ግን ቻይና የወጣውን ያንኑ መኪና አይደለም። 3.78 ሜትር የነበረው ርዝመቱ 3.99 ሜትር ሆነ። 43.2 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው ስሪት ተጨመረ። መሰኪያው የአውሮፓ ሆነ። ዋጋውም ከቻይናው ጋር የሚቀራረብ አልነበረም። ስለዚህ "የውጭ ስሪቱን ጠብቅ" የሚል ሰው ሌላ መኪና፣ በሌላ ዋጋ እየሸጠልዎ ሊሆን ይችላል። ዋጋው ያው ነው ወይ ብለው ይጠይቁ። የባትሪው መጠንስ? መሰኪያውስ?

በመካከሉ ደግሞ ቻይና ውስጥ ዋጋ ይወርዳል። ያው ሲገል ሲወጣ መነሻ ዋጋው 73,800 ዩዋን ነበር። በሜይ 2025 ቢዋይዲ በቅናሽ 55,800 አድርሶታል። እርስዎ ከዘጠኝ ወር በፊት በነበረው ዋጋ ተዋውለው ከሆነ፣ ዛሬ ፋብሪካው ጋ ያለውን ዋጋ አጣርተው መነጋገር መብትዎ ነው።

አሁን ደግሞ ከእውነተኛዎቹ ምክንያቶች አንዱን ልንገርዎት። አስመጪዎ ራሱ ላያስረዳዎት ይችላል። የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ጀምሮ፣ በባትሪ ብቻ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ያለ ኤክስፖርት ፈቃድ እንዳይወጡ ደንግጓል። ፈቃዱን የሚያገኘው ፋብሪካው ወይም ፋብሪካው የወከለው ድርጅት ነው። ከዚያ በፊት ብዙ መኪና የሚወጣው በነጋዴ እጅ ነበር። ነጋዴው ቻይና ካለ መሸጫ ይገዛል። በስሙ ሰሌዳ ያወጣለታል። ከዚያ "ያገለገለ" ብሎ ይልከዋል። መኪናው ግን አንድ ኪሎ ሜትር አልተነዳም። እዚያው ቻይና ውስጥም "ዜሮ ኪሎ ሜትር ያገለገለ መኪና" እያሉ ብዙ ተነጋግረውበታል። ጉዳቱ ያለው ዋስትናው ላይ ነው። ፋብሪካው ዋስትና የሰጠው ለቻይና ገበያ ነው። እዚህ መጥተው "ባትሪዬ ተበላሸ" ቢሉ የሚሰማዎት የለም። ስለዚህ አስመጪዎን ሁለተኛ ጥያቄ ይጠይቁት፦ "መኪናው የሚወጣው በማን ፈቃድ ነው? የባትሪውን ዋስትና እዚህ አገር የሚሸከመው ማነው?" መልሱ "እኛ" ከሆነ በወረቀት ይስጡዎት።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ በብዛት የሚያዩት ፎልክስዋገን አይዲ 6 ፋብሪካው ለቻይና ገበያ ብቻ የሠራው መኪና ነው። ለእኛ ተብሎ የመጣ አይደለም። እንዲያም ሆኖ አለ፣ ይነዳል፣ ባለሙያም ለምዶታል። ይህን የምለው አንድ ነገር እንዲታይዎት ነው። አንድ መኪና አገር የሚገባው ወደብ ሲደርስ ብቻ አይመስለኝም። መሰኪያው፣ መለዋወጫውና የሚፈታው ሰው አብረው ሲገቡ ነው። እርስዎ የመረጡት ሞዴል ነገ ጠዋት ቢደርስ እንኳ፣ የፊት መብራቱ ቢሰበር ከየት ይመጣል? ከእርስዎ በፊት ሁለት ሺህ ሰው የገዛው መኪና ከሆነ መርካቶ ወይም ሶማሌ ተራ ይገኛል። የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ከሆኑ ግን ከቻይና ነው የሚታዘዘው። ያ ደግሞ እንደገና መጠበቅ ነው።

የገጠመኝን ላጫውትዎ። ባለፈው ግንቦት አንድ መኪና በጭነት መኪና ተጭኖ ጋራዤ በር ላይ ወረደ። ባለቤቱ አሥራ አንድ ወር ጠብቆት ነበር። ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። በሩን ሊከፍት ሲል እምቢ አለ። የበሩ እጀታ በመብራት የሚሠራ ነው፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ትልቁ ባትሪ ደህና ነው። የሞተችው ትንሿ 12 ቮልቷ ባትሪ ናት። መኪናው ወደብና መጋዘን ሲንከራተት ከርሞ ተሟጣለች። ከሪሞቱ ውስጥ ቀጭኗን የብረት ቁልፍ አወጣን። የእጀታውን ሽፋን በጥንቃቄ ፈነቀልን። ገባንና ከሌላ መኪና 12 ቮልት ሰጠነው። ስክሪኑ በራ። ሁሉም ቻይንኛ። ወዲያው የቻይና ስልክ ቁጥር ጠየቀን፤ አፑን ለማስጀመር።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ሰውዬው ጠንቃቃ ነው፤ የቻርጅ ገመድ ቀድሞ ከውጭ አስመጥቶ ነበር። ጥሩ ገመድ ነው፣ ውድ ነው። ወደ መኪናው አስጠጋነው። ሲያዩት መንታ ናቸው። በገመዱ በኩል ሰባት ቀዳዳ፣ በመኪናው በኩል ሰባት ቀዳዳ። ግን አይገባም። የአውሮፓው ገመድ ሴት ነው፣ የቻይናው መኪና መሰኪያም ሴት ነው። ሁለት ሴት ሶኬት እንዴት ይገጥማል? ሰውዬው ገመዱን በእጁ እንደያዘ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠቅልሎ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው። ያን ዕለት አዘንኩለት። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ይህን አንድም ሰው አልነገረውም።

ስለዚህ ሦስተኛው ጥያቄዎ የመሰኪያው ይሁን። የቻይናው ጂቢቲ ይባላል። የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ነው። አስመጪው "የውጭ ገበያ ስሪቱ ይሻላል" ሲልዎ፣ በቋንቋው ልክ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ይሆንልዎታል። መሰኪያው ግን ሲሲኤስ 2 ሊሆን ይችላል። እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ ጂቢቲ ናቸው። ደሴ ላይ ቻርጀር ተቸግረው ከጎረቤት ቢዋሱ የሚያገኙት ጂቢቲ ነው። "የተሻለው" መኪና ወሎ ውስጥ ብቸኛ ሊያደርግዎት ይችላል። አዳፕተር አለ፤ ነገር ግን ርካሹን ገዝቶ ብዙ ኃይል በሱ ማሳለፍ እሳት መጋበዝ ነው። እኔ በበኩሌ ለእርስዎ አገልግሎት ጂቢቲውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው።

ቻይና ውስጥ "በአንድ ቻርጅ 405 ኪሎ ሜትር" የሚባለው በእነሱ መለኪያ ነው፤ ሲኤልቲሲ ይባላል። በዚያ ፈተና መኪናው በአማካይ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። የከተማ አነዳድ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት እዚያ ፈተና ውስጥ የለም።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። 25 ኪሎ ሜትር በማትሞላ መንገድ 650 ሜትር ይወጣሉ። ሰውና ዕቃ ጭኖ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ለርቀቱ ደግሞ 3 ተኩል ገደማ ይጨምሩ። 45 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ላይ ከሚሞላው ውስጥ 17 በመቶ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ 58 በመቶ የነበረው ደሴ፣ ሸዋ በር ሲደርሱ 41 ላይ ያገኙታል። መጀመሪያ ያየ ሰው ይደነግጣል። "ባትሪው ተበላሽቷል" ብለው የደወሉልኝ አሉ። አልተበላሸም። ሲወርዱ ለከፍታው ከበላው አብዛኛውን ይመልስልዎታል። ሞተሩ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን እየሞላ፣ መኪናውንም እየያዘ ይወርዳል። ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርዱ 2 ወይም 3 በመቶ ቢቀንስ ነው። ደርሶ መልስ ሲሰላ ከሜዳ መንገድ ብዙም አይከፋም።

እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ቢረሳዎ ይህን አይርሱ። ማታ ደሴ ቤትዎ 100 ሞልተው ጠዋት ሐረጎን አይውረዱ። ባትሪው ጢም ካለ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ያኔ መኪናው በሞተር አይያዝልዎትም። ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። 80 ወይም 85 ላይ ይቁሙ። ብዙዎቹ የቻይና መኪኖች የሚጠቀሙት ሊትየም አይረን ፎስፌት ባትሪ አልፎ አልፎ 100 መሞላት ይፈልጋል፤ የመቶኛ ቆጠራው እንዳይዛባ ነው። ይህን ከተማው ውስጥ ብቻ በሚነዱበት ቀን ያድርጉት።

አዲስ አበባው ሌላ ታሪክ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሲሄዱ መጀመሪያ ይወርዳሉ፤ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ካራቆሬ፣ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት። ይህ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 20 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበላል። ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ናት። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፈው ጣርማበር ዋሻ ጋ ሲደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነዎት። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው። ያ ዳገት ብቻ፣ ከርቀቱ ጋር ተደምሮ፣ 18 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። 39 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ትንሽ መኪና ካለዎት ስሌቱን ራስዎ ይሥሩት፤ ዋሻው ጋ ሲደርሱ ባዶ ነዎት። 60 የሚይዝ ከሆነ ዋሻውን አልፈው ደብረ ብርሃን ይደርሳሉ፤ አዲስ አበባ ለመግባት ግን መሙላት ይኖርብዎታል። ስለዚህ እርስዎ ለሚፈልጉት አገልግሎት ከ60 ኪሎዋት ሰዓት በታች የሚይዝ መኪና አልመክርም። ካልሆነም አዲስ አበባ በሕዝብ መኪና ሄደው ትንሿን መኪና ለደሴና ለኮምቦልቻ ብቻ ይግዙ። ይህም ነውር የለውም፤ እንዲያውም ገንዘብ ይቆጥባል። ረጅሙን መንገድ ከመነሳትዎ በፊት ደግሞ የሚሞሉበት ቦታ ያን ቀን መብራት እንዳለው ደውለው ያረጋግጡ።

የመረጡት አዲስ ሞዴል ባትሪ ስንት እንደሆነ አልነገሩኝም። አስመጪውን ሲጠይቁ በኪሎ ሜትር የሚነግሩዎትን አይቀበሉ። በኪሎዋት ሰዓት ይንገሩዎት።

ስለ ውሉ ጥቂት ልበል። መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የገዢው ብዛት ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። አስመጪውም በዝቷል። ጥሩም አለ፣ መኪና ሳይኖረው ቀብድ የሚሰበስብም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ያኔ ቀብድ ከፍለው የነበሩ ብዙ ሰዎች "ልዩነቱን ጨምሩ" ተብለዋል። ቀረጡም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ተተመነ። እንዲህ ያለ ነገር ግን እንደወጣ አይቀርም፤ መኪናዎ ሲደርስ በሥራ ላይ ያለው ነው የሚመለከተዎት። ውልዎን አውጥተው ያንብቡ። ምንዛሪ ቢጨምር ማን ይከፍላል? ቀረጥ ቢጨምርስ? በተባለው ቀን ካልደረሰ ቀብዱ በስንት ቀን ይመለሳል? እነዚህ ካልተጻፉ፣ አሁኑኑ ተጨማሪ ውል ይፈራረሙ። "ትንሽ ይታገሱ" ሲሉዎት ያለዎት ጉልበት አሁን ነው። መኪናው ከመጣ በኋላ የለዎትም። አንድ ልጅዎ ወይም ሕግ የሚያውቅ ዘመድ አብሮዎት ቢሄድ ይሻላል፤ ብቻዎን አይሂዱ።

መኪናው በመጨረሻ ሲመጣ ደስ ብሎዎት ወዲያው ቁልፍ አይቀበሉ። መጀመሪያ ጎማውን ይዩ። ጎኑ ላይ በአራት አኃዝ የተጻፈ ቀን አለ። 2324 ካለ በ2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። መኪናው "የዘንድሮ ነው" ተብሎ ጎማው የሁለት ዓመት ከሆነ፣ የሆነ ቦታ ቆሞ ከርሟል። የሻንሲ ቁጥሩን በመስታወቱ ሥር ካለው ጋር ያስተያዩ። 12 ቮልቷን ባትሪ ያስለኩ። ቻርጅ ሲያደርግ ዓይንዎ እያየ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቁሙ።

የመጨረሻው ነገር ቤትዎ ነው። ይህን ለመሥራት መኪናውን መጠበቅ አያስፈልግዎትም።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ግን የሰፈርዎ ትራንስፎርመርና የቤትዎ ገመድ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ትንሹ ቻርጀር ተራ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ 2 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ባዶውን ቢሆን በእሱ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። ለደሴ ኮምቦልቻ ምልልስ ግን ይበቃል፤ ማታ ሰክተው ጠዋት ይነቅላሉ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 7 ኪሎዋት ነው። ሁለት የእንጀራ ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ መጣድ ይቁጠሩት፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን። ለሶኬት የተዘረጋው 2.5 ገመድ አይችለውም። 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና ለብቻው የተዘረጋ መስመር ያስፈልገዋል። ቆጣሪዎ ይችል እንደሆነም የመብራት ኃይል ሰዎችን ይጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ኧርዙን፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደውን መስመር፣ ያስፈትሹ። ደሴ ውስጥ ሦስተኛው ገመድ ሶኬቱ ላይ ቢኖርም መሬት ያልደረሰባቸው ቤቶች ብዙ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ቻርጀሩ ቀይ መብራት እያበራ አልሞላም ይላል። ሰው ደግሞ መኪናው የተበላሸ ይመስለዋል። መልቲሜትር ያለው አንድ የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። በፌዙ፣ ማለትም ኃይል ባለው ገመድ፣ እና በኧርዙ መካከል ይለካ። 220 አካባቢ ካላነበበ፣ ግቢዎ ውስጥ እርጥበት ያለው ቦታ ተመርጦ የመዳብ ዘንግ ይቀበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ነገ አስመጪው ጋ ከደወሉ በኋላ ያሠሩት፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከላኩልዎ ደግሞ ለእኔም ይላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።